ከአዋሽ አርባ የሚመለሱ ሳይክለኞች

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሎጊያ ጉዳይ ነበራትና አብሬያት ወጣሁ። ከሰመራ ሎጊያ ሩቅ አይደለም፤ ግን የተሳፈርንበት ባጃጅ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰና ሾፌሩ እየገፋ ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ አደረሰው። ልጄ ቸኩላ በእግሯ ቀደመችኝ፤ እኔን ጉልበቴ ስለማያስኬደኝ ጥላው ስር በተጋደመ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጬ ሥራው እስኪያልቅ መጠበቅ ያዝኩ። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ፈልቅቆ አወጣና ነፍቶ፣ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ አዟዟረው፤ አረፋ የምታወጣዋን ነጥብ ሲያገኛት በጣቱ ይዞ አደረቃት፣ በሞረድ ፋቃት፣ ከዚያ ማስቲሽ ቀባት። ያ ሽታ ከናፍጣው ሽታና ከአስፋልቱ ትኩሳት መሃል ተለይቶ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ልጄ ተመልሳ እስክትጠራኝ ድረስ ሎጊያ አልነበርኩም።

የእናቴ ሻይ ቤት አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነበር። የሰው ሁሉ ጓዳ በርበሬና ሽንኩርት ሲሸት የኛ ማስቲሽ ይሸት ነበር። ወንድሜ ሰይድ የሳይክሉን ከመነዳሪ የሚነክረው እናቴ ብርጭቆ በምታጥብበት ሳፋ ውስጥ ስለነበር፣ ሻይ ጠጪዎቹ አንዳንዴ ብርጭቋቸውን አሽትተው ቀና ብለው ያዩዋታል። እሷም ሳቅ ሳትል የባቡሩ ጭስ ነው ትላቸዋለች። ሰይድ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባታችን ከወሎ ወደዚህ አገር ይዞን መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ስላረፈ የቤቱ ወንድ ሰይድ ነበር፤ ቀን ባቡሩ ጋራዥ ይሠራል፣ ማታ ለእናቴ ውሃ ይቀዳል፣ በተረፈችው ጊዜ ሳይክሉን ይፈታል ይገጥማል። እናቴ ስለ ሳይክሉ ክፉም ደግም አትናገርም ነበር። እሱ በሳይክል ሲወጣ ግን እስኪመለስ ድረስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነው የምትሠራው።

ወደ አሰብ የሚሄደው አስፋልት አዲስ የተነጠፈበት ሰሞን ነበር። መኪናው ገና አልለመደውም። ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ሲያዩት፣ በከተማችን ሳይክል ያላቸው ጎረምሶች ሌላ ነገር ማሰብ አቃታቸውና ክበብ አቋቋሙ። ስምንት ነበሩ። ሊቀመንበር አድርገው የመረጧቸው የጣቢያው ጸሐፊ የነበሩትን አቶ ጌታሁንን ነው። አቶ ጌታሁን ሳይክል መንዳት አይችሉም፤ ነገር ግን በከተማው ፊሽካም የኪስ ሰዓትም ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ሌላ ሰው ማሰብ አልተቻለም።

ከስምንቱ ፈጣኑ ሁመድ ነበር። ሁመድ የአፋር ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከአዋሽ አርባ ወዲያ ግመልና ፍየል ይዘው ይኖራሉ፣ እሱ ከተማ ገብቶ ሐዲድ ጥበቃ ተቀጥሮ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲነዳ ትከሻው የማይነቃነቅ ልጅ ነው። ሰይድ ሁለተኛ ነበር፤ ሁለተኛ መሆኑንም ያውቀዋል። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ሲነዱ ይተናነቃሉ፣ ከሳይክል ሲወርዱ ግን ከአንድ ሰሃን ይበላሉ። የሚገርመው፣ ፈጣኑ ሁመድ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ምክንያቱ ዳጉ ነው።

በአፋር ምድር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ሰላምታው በወግ ይደርሳል፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሳር የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ በየተራ ይነጋገራሉ። ያዩትን አየሁ፣ የሰሙትን ከእገሌ ሰማሁ ብለው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። የሰማው ደግሞ ቀጥሎ ለሚያገኘው ያደርሳል። ዳጉ የሚሉት ይህንን ነው። ሁመድ ታዲያ በውድድር መሃልም ቢሆን ሽማግሌ ካየ ፍሬን ይይዛል። በአንድ ውድድር ሁሉንም ጥሎ መጥቶ፣ ከተማው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ግመል የምትነዳ አሮጊት አገኘና ወረደ፤ ሰባቱም ካለፉት በኋላ ሳይክሉን እየገፋ ደርሶ የማን ግመል ምን እንደወለደች አንድ በአንድ ነገረን። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ጌታሁን ብቻ አልሳቁም። የሚቀጥለው ውድድር አሸናፊ ድሬዳዋ ሄዶ ከትልልቆቹ ክበቦች ጋር የሚወዳደር ስለነበር ከተማው በፈጣኑ ልጅ እንዲጠራ ፈልገዋል። ስለዚህ ስምንቱን ጣቢያው በረንዳ ላይ ሰብስበው፣ ከእንግዲህ በውድድር ላይ ዳጉ የለም፣ የቆመ ይሰረዛል አሉ፤ ሁመድንም ማል አሉት። ሁመድም፣ ወላሂ አልቆምም አለ። ሰይድ ይህን ማታ ሲነግራት እናቴ እጇን ከሳፋው አውጥታ፣ ምነው እንዲህ ያለ መሐላ አስማሉት አለች። ከዚያ ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ነፋሱ የሻይ ቤታችንን ቆርቆሮ እያነሳ ሲጥለው ነቃን። ሐምሌ ነበር። በዚያ አገር ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት አቧራው ይመጣል፤ ሰማዩ የሸክላ መልክ ይዞ፣ ከሐዲዱ ማዶ ያሉት ግራሮች ከእይታ ጠፍተው፣ አሸዋው ባዶ ቁርጭምጭሚት ሲያገኝ እንደ መርፌ ይወጋ ነበር። በስተምዕራብ፣ ተራሮቹ ባሉበት በኩል፣ ከአቧራው በላይ ደመናው ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ውድድሩ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ስለተላለፈ አቶ ጌታሁን ሦስተኛውን አልሰማም አሉ። አንድ የጣቢያ ሠራተኛ ለነገ ቢሆንስ ሲላቸው፣ ባቡር ነፋስ ነፈሰ ብሎ ቀርቶ ያውቃል ወይ ብለው መለሱለት። ሰውየው ስንት ጊዜ እንደቀረ ሊነግራቸው አፉን ከከፈተ በኋላ ተወው።

መንገዱ ወደ አዋሽ አርባ፣ ከዚያም አለፍ ብሎ እስከ መንገድ ሠሪዎቹ አሮጌ ካምፕ ነው፤ እዚያ የሚጠብቅ ሰው የያንዳንዱን ክንድ ቀለም ቀብቶ ይመልሰዋል። ከተማውን እንደለቀቁ አስፋልቱ ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ይወርዳል። ድልድይ ገና አልተሠራለትም ነበር፤ መንገዱ አሸዋው ላይ በተለሰነ ሲሚንቶ አልፎ በወዲያኛው ዳገት ይወጣል። ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ፍየል የሚተኛበት ነው፤ ሳይክለኞቹም፣ ሁለቱ ቁልቁለቶች ፔዳል ሳይመቱ የሚበሩባቸው ስለሆኑ ይወዱት ነበር። ፊሽካው ተነፋ። ስምንቱ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ጠምጥመው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ገና ከጣቢያው ግቢ ሳይርቁ አቧራው ዋጣቸው።

መመለስ የነበረባቸው ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። ሰዓቱ ደረሰ፤ አለፈም። ነፋሱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለና ትልልቅ የዝናብ ጠብታ አቧራው ላይ መውደቅ ጀመረ፤ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ሰው ከሰው አላሰማማ አለ። የመጨረሻውን መስመር ሊያይ የወጣው ሕዝብ ሻይ ቤታችን ውስጥ ተጨናንቆ ቆመ። አቶ ጌታሁን ሰዓታቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ ያያሉ፣ ይመልሳሉ፤ ኪሳቸው ሳይደርስ እንደገና ያወጡታል። እናቴ በሩ አጠገብ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች፤ ለማንም አልቀዳችም፣ ማንቆርቆሪያውንም አላስቀመጠችም።

በዚህ መሃል ቅቤ የሚያመጣልን ዳውድ የሚባል የአፋር ሰው በዝናቡ ውስጥ ገባ። በወንዙ በኩል መምጣቱን ከእግሩ ጭቃ ሁላችንም አወቅን። እናቴ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው፣ ውሃ ሰጠችው፤ ከአጠገቡ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና እንደ አገሩ ወግ ወሬውን ጠየቀችው። ዳውድም ጀመረ። ከየት እንደተነሳ፣ ሌሊቱን የት እንዳደረ፣ የእገሌ ከብት ወዴት እንደተሻገረ፣ ዝናቡ የት ላይ እንዳገኘው ነገራት። እሷ በያንዳንዱ ላይ እሺ ትላለች፣ ማድረግ የሚገባትን ጥያቄ ትጠይቃለች፣ የከብቱ ባለቤት ደህና ነው ወይ ትለዋለች። አቶ ጌታሁን አልቻሉም፤ ሳይክለኞቹን አይተሃል አላየህም ብለው አቋረጡት። ዳውድ ወደ እናቴ ዞሮ ወሬውን ከመነሻው ጀመረ።

ሰው ሁሉ አቶ ጌታሁንን ገላመጣቸው። ከብቱ በድጋሚ ተሻገረ፣ ዝናቡም በድጋሚ ዘነበ፣ በመጨረሻ ወንዙ ጋ ደረሰ።

"ወንዙ ሞልቷል" አለ ዳውድ። "በዚህኛው ዳር ፍየል የምትጠብቅ ሴት አገኘሁ። ጎርፉ ሳይክል ሲወስድ አይታለች።"

"ሰውስ?" አለች እናቴ።

"ሳይክል አየሁ ነው ያለችኝ። ሰው አየሁ አላለችኝም።"

ሳይክሉ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው፣ ከማዶ ሰው ቆሞ ይታይ ነበር ወይ፣ ድምፅ ተሰምቷል ወይ፣ ሁሉም ተራ በተራ ጠየቀው። ዳውድ አልነገረችኝም አለ። አንዱ ቢያንስ ምን ይመስልሃል ቢለው ተቆጣ፤ ያልነገረችኝን ከየት ላመጣላችሁ ነው አለ። ከጎረቤት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ስትጀምር እናቴ ተነሳች።

"ማንም እንዳያለቅስ። ሰው አላለችም። አይታ ቢሆን ትል ነበር።"

እውነቷን ነው፤ እዚያ አገር ከወሬ ላይ የሚቀንስ ሰው የለም። እኔ ግን አምስተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር፣ ያልታየ ማለት ያልነበረ ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ትምህርቴ በቅቶኝ ነበር። እናቴ ቀለም ባትቆጥርም ይህ አልጠፋትም። ፊቷን አይቼ ነው ያወቅሁት።

ወንዶቹ ገመድ ይዘው ወደ ወንዙ ሄዱ። አቶ ጌታሁንም ከፊት ከፊት፣ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ እየቀረ ሄዱ። ቶሎ አልተመለሱም። ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐይ ወጣች፤ መሬቱ መጤስ ጀመረ፤ የጭነት ባቡር መጣና ሄደ። እናቴ ያሉንን ብርጭቆዎች በሙሉ አጠበች፣ ደረደረች፣ አውርዳ እንደገና አጠበች። እኔ ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ውሃው ውስጥ እመለከት ነበር። አንዳች ነገር ልጠይቃት ፈልጌ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ መልሱን ፈርቼ ነው የተውኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመንገዱ ላይ ሰዎች ታዩ። ብዙ ነበሩ፣ ጭቃ አንድ መልክ አስይዟቸዋል። እናቴ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ አልሮጠችም። ከመካከላቸው ረጅሙን ሁመድን መጀመሪያ ለየነው፤ ትከሻው ላይ ሳይክል ተሸክሟል፣ ሳይክሉም የሰይድ ነው። ከዚያ ከሁመድ ኋላ፣ አንድ እጁን በሸሚዝ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ሰይድ ብቅ አለ። ስድስቱም ከኋላ ይከተላሉ።

እናቴ ልጇን ጭንቅላቱን ዳሰሰችው፣ የታሰረውን ትከሻውን አየችው፣ ገብቶ እንዲቀመጥ በዓይኗ አዘዘችው። ሁመድን ግን እጁን ይዛ ራሷ አስቀመጠችው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ አብጦ ነበር። ሻይ አቀረበችለትና ጠዋት ከተነሳችሁበት ጀምረህ ንገረኝ አለችው። ሁመድም ነገራት፤ ከተማው ቆሞ ሰማ።

ሲሄዱ፣ ወንዙን ተሻግረው ጥቂት እንደነዱ፣ ግመል የያዘ ሽማግሌ ከአቧራው ውስጥ በትሩን አነሳለት። ሁመድ ሁሉንም ይመራ ነበር። መሐላውን አስታውሶ፣ ፊቱን አዙሮ አለፈ። ከካምፑ ቀለም ተቀብቶ ሲመለስም እሱ ይመራል፣ ሰይድ ይከተለዋል፤ ሽማግሌው እዚያው መንገድ ዳር መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። "በዚያ ነፋስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅህ ሰው ለራሱ አይደለም የሚጠብቅህ" አለ ሁመድ። ፍሬን ያዘ። ሰይድ በአጠገቡ ሽው ብሎ አለፈ፤ በኋላ እንደነገረን በልቡ ድሬዳዋ ገብቶ ነበር። ሽማግሌው ሰላምታውን ዘለለ። ሁመድ ከዚያ በፊት ሰላምታ የዘለለ ሽማግሌ ገጥሞት አያውቅም፤ ቃሉ ሳይወጣ ነገሩ ሞት መሆኑ ገባው። ተራራው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፣ ከላይ የመጡ ሰዎች ጎርፉን አይተው ነግረውታል፣ ጎርፉ አሁን ወንዙ ውስጥ እየወረደ ነው።

ሁመድ ሳይክሉ ላይ ዘሎ ወጣና ሰይድን ማባረር ጀመረ። ሰይድ ዞር ሲል ሁመድ እንደ ንፋስ እየመጣበት ነው፤ ፔዳሉን ረገጠው። ሁመድ ቁም ይለዋል። ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል፤ በጮኸ ቁጥር ሰይድ የባሰ ይሸሻል። ወንዙ እየቀረበ ነው፤ ከፊት አቧራው እንደ ግድግዳ ስለቆመ ምንም አይታይም። ሁመድ በዕድሜው እንደዚያ ነድቶ አያውቅም፤ ሰይድም እንደዚያው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሰይድ እግሩን አሳርፎ ሊበር ሲል ሁመድ ከጎኑ ደርሶ ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘው፤ ሁለቱም ከነሳይክላቸው አስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ። የሰይድ ትከሻ አጥንት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሁመድ ሰምቶታል። ሰይድ ተነሳ፤ በደህና እጁ ሁመድን በቡጢ አፉ ላይ አለው። ሁለተኛውን ሊደግም እጁን እንዳነሳ ነው ከታች የጭነት ባቡር የሚመስል ድምፅ የመጣው። ውሃው ቀይ ነበር፤ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር ይዞ ከፊታቸው አለፈ። የሁመድ ሳይክል ከወደቁበት ቁልቁል ተንሸራታ ሄዳ ነበርና ዓይናቸው እያየ ተወሰደች። የቀሩት ስድስቱ ሲደርሱ ሁለቱ ዳር ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ ውሃው እስኪጎድል ስምንቱም እዚያው ዋሉ።

ሁመድ ሲጨርስ ሰይድ ከጥጉ፣ ራሱን ሊከላከል ይመስለኛል፣ "ቁም ሲለኝ አንዴ ሰምቻለሁ። ግን ተፎካካሪው ቁም ሲለው የሚቆም ሰው የት አገር አለ?" አለ።

ሁመድ ያበጠ ከንፈሩን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ "እኛ ጋ አለ" አለው።

ያን ቀን የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አቶ ጌታሁንም ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው መጣና ወደ ውጭ ወጡ።

ድሬዳዋ ከኛ ከተማ የሄደ የለም። የሰይድ ትከሻ ዝቅ እንዳለ ገጠመ። ሰይድ ሁመድን ሳይክሉን ውሰድ ቢለው አልወስድም ስላለ፣ ተራ ገብተው አንድ ቀን አንዱ አንድ ቀን ሌላው ይነዳው ጀመር። በሚቀጥለው ውድድር አቶ ጌታሁን ከፊሽካው በፊት መቆም የፈለገ ይቁም ብለው ነበር፤ ልጆቹ በትር የያዘ ሰው ባዩ ቁጥር እየወረዱ ወሬ ሲጠይቁ እኩለ ቀን አለፈ፣ ማን ቀድሞ እንደገባም ሳይታወቅ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ዘመኑ ተለወጠ፤ ከክበቡ ልጆች ገሚሱ ዘመተ፣ ገሚሱ ተሰደደ፣ አቶ ጌታሁን ተዛወሩ። ሻይ ቤቱም ጣቢያውም ዛሬ ሰው የላቸውም። እኔ ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሲመሽብኝ ልጄን ተከትዬ ሰመራ ገባሁ። ሁመድ ወደ ግመሎቹ ተመለሰ። ሰይድ እዚያው አዋሽ ቤት ሠራ፣ የልጅ ልጅ አየ፤ ያ ሁሉ ዓመት ከዚያ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የተሰጠው መሆኑን አይረሳም ነበር።

አምና አረፈ። ልጁ ደወለችልኝ። አክስቴ፣ አባባ አረፈ አለች፤ እንዴት ስላት ድንገት ነው አለችኝና ሌላ ሰው እየደወለላት ስለነበር ዘጋችው። ኢና ሊላሂ አልኩ። መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ቀብሩ ያልቃል። በስልክ የመቃብሩን ፎቶ ላኩልኝ። ጎረቤት መጣ፣ አጽናናኝ፤ በላሁ፣ ተኛሁ። የማላውቀው ሰው እንደሞተ ነበር።

ከቀናት በኋላ ሁመድ መጣ። አርጅቷል፤ ከአዋሽ አርባ በመለስተኛ አውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ፣ ቤቴን እየጠየቀ ነው የደረሰው። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሰላምታውን በወጉ አደረሰ። ከዚያ ዝናቡ የት እንደደረሰ ነገረኝ። ሳሩን ነገረኝ፣ መንገዱን ነገረኝ። በመጨረሻ ሰይድ ጋ ደረሰ፤ ጎህ ሲቀድ ሱብሂን እንደሰገደ፣ ውሃ ማን እንደሰጠው፣ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን እንደመለሰ፣ ራስጌው ማን እንደነበር፣ የመጨረሻ ቃሉን፣ ማን እንዳጠበው፣ ገላውን ሲያጥቡት የተጣመመው ትከሻው በየትኛው በኩል እንደተኛ፣ አፈሩ ደረቅ እንደነበር። ያላየውን ከማን እንደሰማው እየነገረኝ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ወንድሜ የሞተብኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ መኪና ተራ ድረስ ሸኘሁት። ወደ አዋሽ የሚሄደው እስኪሞላ አጥሩ ጥላ ስር ተቀመጥን። ወያላው ይጣራል፣ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ከሁለታችን አንዱ ቀድሞ ሲሄድ ለሌላው ወሬውን ይዞ ማን ተነስቶ እንደሚመጣ ሁለታችንም እያሰብን ነበር፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።